በመለኪያ ያላለፈ ውሃ

በ2081 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጠርቃ ተፋሰስ ከአራተኛ ወደ ስድስተኛ ደረጃ ወረደች። ሰዉ ያወቀው እንደ ሁልጊዜው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ካለው ሰሌዳ ነው። ሁለት ሴቶች ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ዝም አሉ። ጭቅጭቅ ራሱ ነጥብ ስለሚያስቀንስ በጠርቃ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ከቀረ አሥር ዓመት አልፎታል። የተጣሉ ሰዎች ተያይዘው ከገደሉ ሥር፣ በየምሰሶው ላይ የተሰቀለው መስሚያ ወደማይደርስበት ቦታ ወርደው ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ ፊታቸውን አስተካክለው ይመለሳሉ።

ስድስተኛ መሆን ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለም። የጠዋቱ አውቶቡስ በአንድ ሰዓት መምጣቱ ቀርቶ በሦስት ተኩል ይመጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣ የነበረችው ሐኪም አንድ ቀን ብቻ ትመጣለች። በወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጠርቃ ልጆች ከመስኮት ዳር ተነሥተው ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ሰውም፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው የተፋሰሱን ደረጃ ነው።

የተፋሰሱ ሰብሳቢ ኢብቲሳም ሰይድ ወደ ሰሌዳው የቀረበችው ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነበር። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ግን ወደ ጠርቃ አልነበረም፤ ወደ ላይኛው መስመር ነው። ደረባ፣ አንደኛ። ይኸው ሦስት ዓመቷ።

ደረባ ከሸንተረሩ ማዶ ያለች ሸለቆ ናት፤ በእግር አርባ ደቂቃ ታስኬዳለች። እዚያ ውሃውን የምታስተዳድረው ፊርደውስ ሰይድ ነበረች። የኢብቲሳም ታናሽ እህት ናት፤ በአራት ዓመት ታንሳታለች።

ድሮ፣ ልማት በፕሮጀክት ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪኖቹ ይሄዱና የተተከለው ችግኝ ይደርቅ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር። አፈሩ፣ ውሃው፣ ዛፉ፣ የሚወለደው፣ የሚጣላው፣ ሁሉም ይለካ፤ በደንብ ለያዘ ይጨመርለት፣ ላልያዘ ይቀነስበት። ኢብቲሳም በዚህ ሐሳብ ያደገች ሰው ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተፋሰስ አያያዝን አጠናች፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ ወደ ጠርቃ ስትመለስም ሙሉውን ጥቅል ይዛ ተመለሰች። እርከኑን፣ ቱቦውን፣ ፓምፑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውሃ በሮችን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋውን መዳቢ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎብኚ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። ከዚያ ቱቦው በደለል ይደፈን ጀመር፤ መዳቢውም አንዳንድ ቀን ለባዶ ማሳ ውሃ እየለቀቀ የቲማቲሙን ማሳ ይዘልለው ጀመር። ለምን ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። መዳቢው አይጠየቅም።

ፊርደውስ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ደረባ ተዳረች። ደረባ ያኔ ድሃ ስለነበረች ለጥቅሉ አላለፈችም። ሰዎቹ የያዙት የአያቶቻቸውን ነገር ነው፤ በየዓመቱ አንድ ሰው ይመርጣሉ፣ ያ ሰው ቦዩ ላይ ቆሞ ውሃ ያካፍላል፣ ያጠፋውን ይቀጣል፣ ራሱ ካጠፋም ይሻራል። የውሃ አባት ይባላል። ፊርደውስ ስትመረጥ፣ ሴት ብትሆንም፣ ስሙ አልተቀየረም። እስከ ዛሬ «የውሃ አባታችን» ነው የሚሏት።

ኢብቲሳምን ከምንም በላይ የሚያንገበግባት ይኼ ነበር። ልጅ ሆነው የትምህርት ቤት ውጤት ሲመጣ አባታቸው የሚስሙት የእሷን ግንባር ነበር። ፊርደውስ ከክፍሏ ሠላሳ ስምንተኛ ወጥታ እየሳቀች ትገባለች። አሁንም ትስቃለች። ኢብቲሳም የእህቷን ሳቅ ከሸንተረሩ ማዶ የምትሰማው ይመስላት ነበር።

ቤት ስትገባ እናቷ ሰሚራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ሰሚራ የምትኖረው ከኢብቲሳም ጋር ነው። የምታበላት፣ የምታጥባት፣ መድኃኒቷን የምትሰጣት ኢብቲሳም ናት።

«ፊርደውሴ ደኅና አድራለች?» አለች እናቷ።

«አንደኛ ናት፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ። እሷ ልጅ እጇ በረካ ነው።»

ኢብቲሳም የእናቷን ብርድ ልብስ አስተካከለችና ወጣች።

በሳምንቱ ከምዘና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። የአሥር ዓመቱ ምዘና ኅዳር መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ጠርቃና ደረባ አንድ ሸንተረርና አንድ ምንጭ ስለሚጋሩ ወደ አንድ ተቋም ይጠቃለላሉ። የተሻለችው ተፋሰስ ደንብ ለሁለቱም ሕግ ይሆናል፤ መሪዋም ሁለቱን ትመራለች። የሌላኛዋ መሪ፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ ረዳት ሆና ትቀጥላለች።

ኢብቲሳም «ረዳት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበበችው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ደረባ ሄደች። ለራሷ የነገረችው ምክንያት ስለ ውህደቱ መነጋገር ነበር። የደረባ ሰው በየአርቡ ውሃው በየማሳው በሚከፋፈልበት የቦዩ መክፈያ ላይ ይሰበሰባል። ከሩቅ ጩኸት ሰማች፤ ሰው የተደባደበ መሰላት። መርየም የምትባል ወፍራም ሴት አንዱን ጎረቤቷን ጣቷን እየቀሰረች ትሰድበዋለች።

«ሁለት ሰዓት ነው ያጠጣሁት፤ ተራዬን ነው» ይላል ሰውየው።

«ሁለት ሰዓት! ጎመኔ ደርቆ የአንተ ማሳ ኩሬ ሆኗል! ዓይን የለንም?»

ፊርደውስ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሰውየው ማሳ ገባችና ቁጢጥ አለች። እጇን አፈሩ ውስጥ ከተተችው። ጥቂት ቆይታ አወጣችውና አየችው።

«እስከ አንጓዬ ርሷል» አለች። «በሁለት ሰዓት እንዲህ አይሆንም። ሦስት ተኩል ነው ያጠጣኸው።»

ሰውየው ራሱን አከከ። «ሦስት ከሩብ ነው» አለ።

ሰዉ ሳቀ። መርየምም ሳቀች። ፊርደውስ ሳትስቅ «ከሚቀጥለው ተራህ ሰዓት ከሩቡን ለመርየም ትሰጣለህ። ቅዳሜ ደግሞ ቦይ ትጠርጋለህ» አለችው። እሺ ብሎ ተቀመጠ።

ኢብቲሳም ምሰሶው ላይ ያለውን መስሚያ አየችው። «ይኼ ሁሉ ጩኸት እየተመዘገበ አይደለም እንዴ?» አለች እህቷን።

«ይመዝገብ፣ እቴ። ዛሬ ይቀንሳል፤ ነገ ታርቀው አብረው ሲበሉ ሲሰማ ይመልሰዋል። መቼም አይቸኩልም» አለችና እየሳቀች ምሳ ልታቀርብ ወደ ቤት ሄደች።

ኢብቲሳም መክፈያው አጠገብ ቀረች። የተማረችው ሁሉ፣ አርባ ገጽ ሪፖርቶቿ፣ መዳቢዋ፣ በአንዲት ጭቃ የነካ እጅ መበለጡ አመማት። በእርግጥም ደረቷ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠባት መስሏት በእጇ ጫን አደረገችው።

የመክፈያው ጠባቂ ጋሼ ቢላል አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። ሰባ ያለፋቸው፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«እህትሽን እንግዲህ አላህ ያቆይልን» አሉ። «እንደ እሷ ያለ ልብ የት ይገኛል? በዚያ በድርቁ ዓመት፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በጎን ማፍሰሻው እኔና እሷ…» ፊቷን አዩና አቆሙ። «አንቺማ ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር።»

«ምኑን ነው የማውቀው?»

«ምንም። አርጅቻለሁ መሰል።»

«ጋሼ ቢላል፣ ውሃ በመለኪያ ሳያልፍ ለቃችኋል?»

«እኔ እንደዚያ ወጣኝ?» ብለው ተነሡ። በትራቸውን ረስተው ስለሄዱ ተመልሰው መጥተው ወሰዱት፤ ሲወስዱትም አላዩዋትም።

ውሃ በመለኪያ ሳያልፍ መልቀቅ በምዘናው ደንብ ከባዱ ጥፋት ነው። የተሸጠ ይሁን የተደበቀ ለውጥ የለውም። ኢብቲሳም ምሳ በላች፤ የእህቷን ልጆች ሳመች፤ ስለ ውህደቱ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ቁርስ እየበላች ሳለ ኢብቲሳም ወደ ጓሮ ወጥታ በስልኳ የጥቆማ መስመሩን ከፈተች።

«ጥቆማዎን ይናገሩ። ስምዎ አይገለጽም» አላት ድምፁ። የሚያዝን፣ የሚያረጋጋ ድምፅ ነው።

ተናገረች። ደረባ፣ የድርቁ ዓመት፣ አሥራ አንድ ቀን፣ የጎን ማፍሰሻ።

«ጥቆማውን የሰጡት ለሕዝብ ጥቅም ነው፣ በደል ደርሶብዎ ነው፣ ወይስ በሌላ ምክንያት?»

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየች። ጓሮው ውስጥ የተሰጣው የእናቷ ቀሚስ በነፋስ ይወዛወዛል።

«ለሕዝብ ጥቅም» አለች።

«እናመሰግናለን። ተፋሰስዎ ግማሽ ነጥብ አግኝቷል።»

ሰኞ ጠርቃ አምስተኛ ሆነች። የደረባ መስመር ደግሞ ግራጫ ሆኖ ከፊቱ «በማጣራት ላይ» የሚል ተጻፈበት። አውቶቡሱ ደረባን እየዘለለ ማለፍ ጀመረ። ሐኪሟ አልሄደችም። የደረባ ልጆች በትምህርት ቤቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ኢብቲሳም ለሁለት ቀን ያህል ቀለል አላት፤ እንቅልፏ ጥሩ ነበር፤ እናቷን ስታጥባት አንጎራጎረች እንኳ። በሦስተኛው ቀን እናቷ ምግብ አልበላም አለች።

«ምኑን ነው የሚያጣሩት?» አለች ሰሚራ። «ልጄ ሌባ ናት?»

«ማጣራት ብቻ ነው፣ እማ። ብይ።»

«አንቺ ሰብሳቢ አይደለሽም? ጠይቂላት እንጂ።»

በሳምንቱ ፊርደውስ ግማሽ ኩንታል ካሮት ተሸክማ በእግሯ መጣች። አቧራ ለብሳለች። እናቷ አቅፋት አለቀሰች።

«ማነው የተናገረብሽ፣ ልጄ?»

«ማንም ይሁን፣ እማ። ያልሆነ ነገር አልተናገረም።»

«ለቀሻል ማለት ነው?» አለች ኢብቲሳም። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነ። «ወዴት ነው የሄደው ውሃው?»

ፊርደውስ ካሮቱን እያራገፈች ነበር። ቀና ብላ አየቻት።

«ተይው፣ እቴ» አለች።

ኢብቲሳም እህቷ ስታለቅስ ልታያት ነበር የፈለገችው። አንድ ጊዜ ብቻ። ፊርደውስ ግን ሻይ ጠጥታ፣ የእናቷን እግር በቅባት አሽታ፣ ወደ ሸንተረሩ ተመለሰች። መረጋጋቷ ራሱ ኢብቲሳም የተነጠቀችው ሌላ ነገር ሆነባት።

ችሎቱ ኅዳር አሥራ ሁለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በወረዳው አዳራሽ ተሰየመ። የሁለቱም ሸለቆ ሰው መጣ። መዛኙ ናትናኤል የሚባል ከዋና ከተማ የመጣ ሰው ነበር፤ ትሑት፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጣቶቹን የሚያቆላልፍ።

«ወይዘሮ ፊርደውስ፣ በድርቁ ዓመት በመለኪያ ያላለፈ ውሃ ለቀዋል?»

«ለቅቄያለሁ። አሥራ አንድ ቀን። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ።»

«ወዴት?»

«ሊደርቅ ለነበረ ማሳ።»

«የማን ማሳ?»

ፊርደውስ ዝም አለች።

«ወይዘሮ ፊርደውስ፣ ካልተናገሩ ለግል ጥቅም እንደዋለ ይቆጠራል። የደረባ መተዳደሪያ ደንብ ይሰረዛል። እርስዎም ለአሥር ዓመት ከማንኛውም የሕዝብ ኃላፊነት ይታገዳሉ።»

«ገብቶኛል» አለች።

ጋሼ ቢላል ከኋላ ሊነሡ ሞከሩ። መርየም ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ናትናኤል ለማነጻጸር ያህል አለና የጠርቃን መረጃ ግድግዳው ላይ አወጣ። «ጠርቃ በዚያው ዓመት የተለየ ውጤት አሳይታለች» አለ፤ ወደ ኢብቲሳም በአክብሮት ጎንበስ ብሎ። «ፓምፗ ቆሞ እያለ፣ በእርከኖቿ ብቻ፣ የታችኛው ማሳ እርጥበት ለአሥራ አንድ ቀን ሳይወርድ ቆይቷል። ድርቅን ተቋቋሚ የሚለውን ማዕረግ ያገኘችውም በዚህ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የደረባ ሰዎች በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው እግራቸውን ያያሉ። አንድም ሰው ቀና አላለም።

ኢብቲሳም ቁጥሩን አየችው። አሥራ አንድ።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ፊርደውስ መጥታ ውሃ እንካፈል ብላት ነበር። ውሃ በመለኪያ አልፎ ወደ ሌላ ተፋሰስ እንዲሄድ የተቀባዩ ሰብሳቢ ፊርማ ያስፈልጋል። ኢብቲሳም «እኛ የራሳችን መዳቢ አለን፤ ከደረባ ውሃ አንለምንም» ብላ ወረቀቱን ሳትፈርም መለሰችላት። ከሳምንት በኋላ የታችኛው ማሳ ረጥቦ አደረ። ኢብቲሳም ያን ጠዋት በሸንተረሩ ግርጌ ስታልፍ ሣሩ ላይ አዲስ የውሃ መንገድ አይታለች። አጎንብሳ በእጇ ነክታዋለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ እርከን እርጥበትን እንዴት እንደሚይዝ አርባ ገጽ ጻፈች። ሲሸልሟት ያንን የውሃ መንገድ አላስታወሰችም። ማስታወስ አልፈለገችም።

አንድ ሸለቆ ሙሉ ሰው ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ አውቆ አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም።

ተነሣች። ያስነሣት ፍቅር ብቻ ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። ፊርደውስ እዚያ ቆማ፣ ሁሉን ነገር እያጣች፣ የእህቷን ስም አልጠራም ብላ ዝም ስትል፣ ኢብቲሳም እንደ ልማዷ የተሰማት መበለጥ ነው። ይህንንም ልትወስድብኝ ነው፣ አለች በልቧ። ይህንን ግን አልሰጣትም።

«ውሃው የመጣው እኛ ጋ ነው» አለች።

«እቴ፣ ተቀመጪ» አለች ፊርደውስ።

«አልቀመጥም። ልትሰጠን ጠየቀችኝ፤ እኔ አልፈርምም አልኩ። ማሳችን ሊደርቅ ሲል ደብቃ ሰጠችን። የውሃውን መንገድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በሪፖርቴ ላይ እርከን ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ናትናኤል ጣቶቹን ፈታ። «ይህን ሲናገሩ የጠርቃ ማዕረግ እንደሚሰረዝ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

ከኋላዋ የጠርቃ ሰዎች አጉረመረሙ። በአደባባይ ሲያጉረመርሙ ስትሰማ በዓመታት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ውሳኔው ከምሳ በፊት ተነበበ። ሁለቱም ተፋሰሶች ከምዘናው ተሰርዘዋል፤ ለሦስት ዓመት ደረጃ አይኖራቸውም። ውህደቱ ይጸናል፤ ደንብና መሪ በራሳቸው ኃላፊነት ይምረጡ። የምዘና ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ጊዜ ድጋፍ አይሰጥም፤ ቁጥጥርም አያደርግም። መዳቢውም ይነሣል።

ውጪ ፊርደውስ መጥታ አቀፈቻት። አጥብቃ ነው ያቀፈቻት። «አንቺ ባትናገሪ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር» አለች። ኢብቲሳም እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

ሸንተረሩን አብረው ወጡ። ከጫፉ ትንሽ ሲቀራቸው ኢብቲሳም ቆመች።

«ጥቆማውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

ፊርደውስ ሁለት ሦስት እርምጃ ከተራመደች በኋላ ነው የቆመችው። ዞር አላለችም።

«የት እንደሄደ ሳታውቂ?»

«ሳላውቅ። የሸጥሽው መስሎኝ። መሸጥሽን ፈልጌ።»

«ለምን?»

«አንደኛ ስለሆንሽ።»

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

ፊርደውስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ልጆቼ ሦስት ሳምንት በእግራቸው ነው ትምህርት ቤት የሄዱት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጋሼ ቢላል እኔ ነኝ ያስበላኋት ብለው እህል አልቀምስ ብለው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለች ፊርደውስ። ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ደኅና ዋይ ሳትላት ወደ ደረባ ወረደች። ኢብቲሳም እህቷ ስታለቅስ ያየቻት ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ከጀርባዋ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ።

ሰሌዳዎቹ ባዶ ሆኑ። የጠርቃ ሰው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ እየመጣ ባዶው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይመለስ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች እዚያው፣ ሰሌዳው ሥር፣ ስለ ድንበር ተጨቃጨቁ። ሰው ሁሉ ደንግጦ መስሚያውን አየ። ምንም አልሆነም። አውቶቡሱ ሲመቸው ይመጣል፤ ሳይመቸው ይቀራል። የሐኪሟን ነገር የሁለቱ ሸለቆ ሴቶች ወረዳ ድረስ ሄደው ተጨቃጭቀው በሳምንት አንድ ቀን አስመለሱ። ጉባኤ ተጠራ፤ የደረባ ደንብ ለሁለቱም እንዲሆን ተወሰነ፤ ፊርደውስ የሁለቱም የውሃ አባት ሆና ተመረጠች። ኢብቲሳም እጇን ስታወጣ ክንዷ ከበዳት፤ ግን አወጣችው።

ከዚያ ጋሼ ቢላል መጡ። በሩ ላይ ቆመው «ፊርደውስ አርብ ነይ ብላሻለች» አሉ፤ ግቡ ስትላቸውም አልገቡም።

አርብ ዕለት መክፈያው ላይ ጉዳይዋ እንደ ማንኛውም ጉዳይ ተጠራ፤ የመርየምን ጎረቤት የበግ ጉዳይ ተከትሎ። ፊርደውስ ከተቀመጠችበት ተነሣችና ከሰዉ መሃል ገብታ ቁጭ አለች።

«የተበደልኩት እኔ ነኝ። እኔ አልፈርድም» አለች።

ጋሼ ቢላልና ሁለት ሰዎች በቦታዋ ተቀመጡ። ኢብቲሳም ቆማ ያደረገችውን ከመጀመሪያው ተናገረች፤ የመረጠችውን ምክንያት ጭምር፣ ግማሽ ነጥቡን ጭምር። መርየም ተነሣችባት።

«ልጄ ሲያተኩሰው ሐኪም ያጣሁት በአንቺ ነው! ቤቴ ስትመጪ ሙክት ነው ያረድኩልሽ!»

ማንም ዝም በይ አላላትም፤ መርየም እስክትጨርስ ጠበቁ። ስትጨርስ ጋሼ ቢላል ከሁለቱ ጋር ተመካከሩና ፈረዱ፤ ከውህደቱ ወዲህ ወደ ጠርቃ ውሃ እንዲወርድበት የተወሰነውን ቦይ፣ ከሸንተረሩ ግርጌ ያለውን ክፍል፣ ሰባት ቀን ብቻዋን ትጠርጋለች።

በመጀመሪያው ቀን እጇ ተላጠ። በቦዩ አጠገብ ያለፈ ሰው ሰላም አላላትም። በሦስተኛው ቀን መርየም አንድ ጆግ ውሃ አምጥታ ምንም ሳትናገር ከዳሩ አስቀመጠችላት። በአምስተኛው ቀን የጠርቃ ሰዎች ማሳ ለማየት ሲመጡ ከላይ ሆነው ስለ ፊርደውስ ሲያወሩ ሰማች፤ አባታችን እንዲህ አለች፣ አባታችን እንዲህ አደረገች ይላሉ። አካፋዋ ላይ ተደግፋ ቆመች። ያው ነገር ደረቷ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። እስኪያልፍ ጠበቀችና ደለሉን ማውጣት ቀጠለች።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፊርደውስ መጣች። ከዚያ ከሸንተረሩ ቀን ወዲህ ብቻቸውን ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ቦዩን ከላይ እስከ ታች ሄዳ አየችው። አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ አንሥታ ወረወረች። ከዚያ ወደ ላይ፣ መክፈያው ጋ ወደቆሙት ጋሼ ቢላል፣ እጇን አውለበለበች።

«ጨርሰሻል» አለች።

ኢብቲሳም ቦዩ ውስጥ እስከ ወገቧ ቆማ ላቧን ጠረገች። «ታረቅን ማለት ነው?»

ፊርደውስ ወደ ታች አየቻት።

«የቦዩን ነው የጨረስሽው፣ እቴ። የእኔ ገና ነው።»

ከላይ የመክፈያው የብረት በር ሲንቋቋ፣ ቀጥሎም የውሃው ድምፅ ተሰማ። ፊርደውስ ተንበርክካ እጇን ዘረጋችላት።

«ውጪ በይ አሁን። ውሃው መጣ።»